የጣና መርከብ ሳምንታዊ ጉዞ፦ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ

ጎጃም ባቡር ገብቶበት አያውቅም። የጅቡቲው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰና እዚያው ለገሃር ላይ ቆመ። 784 ኪሎ ሜትሩ በሙሉ ከዓባይ ማዶ ነው፤ አንዲት ክንድ እንኳ ወደ እኛ አልተሻገረችም። ጎጃሜ መነሻው በቀንና በሰዓት የታወቀ፣ ሞላም ጎደለ የሚነሳ የሕዝብ ማመላለሻ ያገኘው ውኃ ላይ ነው፤ ጣና ላይ።

ሰሌዳው እንዲህ ነበር። እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት መርከቡ ከባሕር ዳር ይነሳል። ዘጌን፣ ደቅን ነክቶ ማታ ቁንዝላ ያድራል። ሰኞ ጉዞውን ቀጥሎ ደልጊን አልፎ ወደ ማታ ግድም ጎርጎራ ይገባል። ሐሙስ ማለዳ ከጎርጎራ ይመለሳል፣ ዓርብ ባሕር ዳር ነው። በቃ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ባሕር ዳር መጥቶ ስለ መርከቡ የጠየቀ ሰው የሚሰማው ይኸንኑ ነበር። አጭር ሰሌዳ ነው፤ ግን በሐይቁ ምዕራብ ዳርቻና በደሴቶቹ ላይ የሚኖረው ሕዝብ ገበያውን፣ ሕክምናውን፣ ለቅሶና ሠርጉን የሚያደላድለው በእሱ ነበር።

ስለ ጣና ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ግን ስለ ገዳማቱ ነው፣ ወይም ስለ ቱሪስት። ገዳማቱ ይገባቸዋል፣ በእሱ ክርክር የለኝም። ሆኖም መርከቡን ለጎብኚ የተዘጋጀ መዝናኛ አድርጎ ማቅረቡ ልክ አይደለም። መርከቡ የአገሬው ሰው አውቶቡስ ነበር። እኔም እዚህ የምጽፈው ስለዚያ መርከብና ስለ ሰሌዳው ነው።

ሐይቁና ታንኳው

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ይገኛል። ስፋቱ ከወቅት ወቅት ቢለያይም ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በላዩ ላይ 37 ደሴቶች አሉ ይባላል። ይህን ያህል ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ነው። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ትመለሳለች።

ሞተር ከመምጣቱ በፊት በሐይቁ ላይ ሰው የሚያሻግረው ታንኳ ነበር። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ከዳር ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በእቅፍ በእቅፍ እየተደረገ በልጥ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል። እንጨት የለውም፣ ሚስማር የለውም፣ ቅጥራንም አይቀባም። ውኃ ከሥሩ ይገባል። የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው። ስለዚህ ቀዛፊውም ሆነ ተሳፋሪው የሚቀመጠው በታንኳው ውስጥ ከፍ ተደርጎ በተነጠፈ ሌላ የደንገል እስር ላይ ነው። ከጉዞ ሲመለስ ወደ ዳር ይጎተትና ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ውኃው እንዲወርድለት። እንዲያም ሆኖ በጥቂት ወራት ውስጥ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ከዚያ አዲስ ይታሰራል። ይህን ጥበብ ጠብቀው ያቆዩት በዋናነት ነገደ ወይጦ ናቸው። ሐይቁን ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ በታሪካችን ግን የተገባቸውን ክብር አላገኙም። ዛሬም በጠዋት ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ብትቆሙ ከዘጌ አቅጣጫ ማገዶ የተቆለለበት ታንኳ ሲመጣ ታያላችሁ።

ታንኳ ዳር ዳሩን ለሚሄድ ሰው ደኅና ነው። ሐይቁን ለማቋረጥ ግን ያስቸግራል። ጣና ጠዋት ጠዋት የተረጋጋ ነው፣ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ይበረታል። የሐይቁ ሰው ሁሉ በማለዳ የሚነሳው ለዚህ ነው። መርከቡ 1 ሰዓት ላይ የሚነሳውም ለዚሁ ነው፤ ሰዓቱን ያወጣው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብቻ አይደለም፣ ነፋሱም ጭምር ነው።

ሞተር ሲመጣ

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ባሕር ዳርን ያዘ። ያኔ ባሕር ዳር በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለች ትንሽ መንደር ነበረች። ጣሊያን የሞተር ጀልባ አምጥቶ ባሕር ዳርን፣ ዘጌንና ጎርጎራን አገናኘ። ጎርጎራን በሰሜን በኩል ወደብ አደረገው፤ ከወደቡ በላይ ኮረብታው ላይ ያቆመው የፋሺስት ሐውልት እስካሁን አለ። ከጎርጎራ እስከ ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሆነ ጦሩና ስንቁ በመኪና ጎርጎራ ይደርሳል፣ ከዚያ በውኃ ወደ ጎጃም ይወርዳል።

ለምን ውኃውን እንደመረጠ ለጎጃሜ ማስረዳት አያስፈልግም። በ1930 ዓ.ም. ጎጃም ሲነሳ ጣሊያን ከከተማና ከምሽጉ ወጣ ባለ ቁጥር አርበኛው ይጠብቀው ነበር። ሐይቅ ላይ ግን አድፍጦ የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ ዛሬ እኛ የሕዝብ መስመር የምንለው መንገድ መጀመሪያ የተቀየሰው ለወራሪ ጦር ነው። ይህ መታወቅ አለበት። ከነጻነት በኋላ ያው መስመር ወደ ሕዝብ ዞረ፣ እህልና መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ። በንጉሡ ዘመን በሐይቁ ላይ የሚሠራው ድርጅት ናቪጋታና በሚል የጣሊያንኛ ስም ይታወቅ ነበር። ኋላ መስመሩ በመንግሥት እጅ ገብቶ ጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ድርጅት ተባለ። የጎርጎራውን መስመር ከያዙት መርከቦች ሕዝቡ በስም የሚያውቃት ደግሞ ጣናነሽ ናት።

ባሕር ዳር ራሷም በዚህ መሀል አደገች። በ1950ዎቹ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ፖሊ ቴክኒኩና የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ መጡ። መንደሯ ከተማ ስትሆን ከሐይቁ ዳር ያለው ገበሬ የሚሸጥበትም፣ የሚገዛበትም፣ የሚታከምበትም ቦታ አገኘ። ወደ እሷ የሚወስደው መንገድ ግን ውኃው ነበር።

እሑድ ጠዋት ወደቡ ላይ

ሰው ገና ጎሕ ሲቀድ ነው የሚመጣው። 1 ሰዓት ማለት 1 ሰዓት ስለሆነ የሚያረፍድ የለም። ጭነቱ ከሰው ይቀድማል። ጨው፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ የፕላስቲክ ጀሪካን፣ ቆርቆሮ፣ ለበዓል ሰሞን ደግሞ ልብስና ጫማ። ይህ ሁሉ ከባሕር ዳር ወጪ ነው። ወደ ባሕር ዳር የሚገባው ሌላ ነው፦ ከዘጌ ቡናና ጌሾ፣ ሎሚም አይጠፋም፤ ከምዕራቡ ዳርቻ ከአቸፈር በኩል ዳጉሳ፣ ጤፍ፣ ኑግ። ዶሮ በሁለቱም አቅጣጫ አለ።

ቦታ አያያዙም ሥርዓት አለው። ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ፣ ሽማግሌና መነኩሴ ጥላ ያለበት ቦታ ይለቀቅላቸዋል። "ኧረ እባካችሁ ለአባ ቦታ ልቀቁላቸው" የሚል ድምፅ ከወዲያ ይመጣል፣ "እማማ፣ ጆንያው ላይ አረፍ ይበሉ" ከወዲህ። ጎረምሳው ከፊት ጫፍ ይወጣል። ዳቦ ቆሎና በሶ የያዘ ሰው አጠገቡ ላለው ሳያቀምስ አይበላም፤ የሁለት ቀን መንገድ ነውና ሰው ቶሎ ይለማመዳል።

ከባሕር ዳር ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዘጌ ብቻ የሚሄድ ሰው እሑድን አይጠብቅም፤ በየማለዳው ወደዚያ የሚሄድ የሕዝብ ጀልባ ነበርና። ከዘጌ በኋላ ደቅ ነው፣ የጣና ትልቁ ደሴት፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ያለችበት። ጎን ለጎኑ ዳጋ እስጢፋኖስ አለ። ደቅ ላይ ገበሬ አለ፣ ከብት አለ፣ ተማሪ አለ። ለደቅ ሰው መርከቡ ከምርጫዎች አንዱ አልነበረም። ሌላው ምርጫ ታንኳ ነው።

ከደቅ ወደ ምዕራብ ተሻግሮ ቁንዝላ ማታ ይደረሳል። ቁንዝላ በአቸፈር በኩል ያለች የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። መርከቡ በሌሊት አይጓዝም፤ ስለዚህ ተሳፋሪው ሁሉ ይወርዳል። ዘመድ ያለው ዘመዱ ዘንድ ያድራል፣ የሌለው አልጋ ይይዛል። አልጋ ቤቶቹ ጥቂትና ተራ ናቸው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ አንድ አልጋ። ብር ለመቆጠብ ከጭነቱ አጠገብ ጋቢውን ተከናንቦ የሚያድርም አለ። ሆኖም ያቺ ሌሊት ለቁንዝላ ትልቅ ነገር ነበረች። ጠላ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ፣ እንጀራ ሻጯ፣ ሁሉም የመርከቡን ማታ ያውቃሉ። እህል ነጋዴው የባሕር ዳርን ዋጋ የሚሰማው በዚያች ማታ ነው። ደብዳቤና መልእክት የሚለዋወጠውም እንደዚሁ።

ከባሕር ዳር ጎርጎራ በቀጥታ ቢለካ 70 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ታዲያ ለምን ሁለት ቀን? መርከቡ ቀጥታ አይሄድም፤ ሰው ያለበትን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ምዕራብ ይጠመዘዛል። ፍጥነቱም ዝግተኛ ነው። በየማቆሚያው ጭነት ማውረድና መጫን አለ። ሌሊቱ ደግሞ ይቆማል። ቸኩሎ ጎንደር መድረስ የሚፈልግ ሰው በመኪና በወረታ ዞሮ ይሄድ ነበር። መርከቡን የሚይዘው መሀል ላይ ያለው ሕዝብ ነው።

ሰሌዳው ለማን ነው የተሠራው?

እስቲ ሰሌዳውን ከገበያው ጋር አስተያዩት። የባሕር ዳር ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ነው። መርከቡ ዓርብ ይገባል፣ እሑድ ጠዋት ይወጣል። የቁንዝላ ሴት ዳጉሳዋን ይዛ ዓርብ ባሕር ዳር ትደርሳለች፣ ዘመድ ቤት ታድራለች፣ ቅዳሜ ሸጣ የምትፈልገውን ትገዛለች፣ እሑድ ማታ ቤቷ ናት። የደቁም ሰው እንዲሁ። ከተማ ውስጥ ሁለት ሌሊት፣ ሙሉ የገበያ ቀን፣ ከዚያ ወደ ቤት። ባሕር ዳር ላይ በከንቱ የሚያሳልፉት ቀን የለም።

በሰሜኑ ጫፍም ተመሳሳይ ነው። መርከቡ ሰኞ ማታ ጎርጎራ ገብቶ እስከ ሐሙስ ማለዳ ይቆያል። ማክሰኞና ረቡዕ የሥራ ቀን ናቸው። ከደልጊ ወይም ከቁንዝላ የመጣ ሰው ከጎርጎራ መኪና ይዞ ጎንደር ይወጣል፣ ሆስፒታል ይታያል ወይም ጉዳዩን ያስፈጽማል፣ ረቡዕ ማታ ተመልሶ ጎርጎራ ያድራል። እንዲህ ያለ ሰሌዳ ለቱሪስት ተብሎ አይወጣም። አንድ ሳምንት ሙሉ መጠበቅ የማይችለው ቱሪስት ነው እንጂ ገበሬው በዚህ ሰሌዳ ኑሮውን ገንብቶበታል።

የማይመቸውም ሰው ነበር። ባሕር ዳር ላይ የቢሮ ጉዳይ ያለው ሰው ዓርብ ከመርከብ ሲወርድ ቀኑ እያለቀ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ቢሮ የለም። ያ ሰው ወይ ሳምንት ሙሉ ዘመድ ላይ ይቀመጣል፣ ወይ በእግሩ ወደ ዱርቤቴ አቅጣጫ ወጥቶ መኪና ይፈልጋል። በምጥ የተያዘች ሴት ደግሞ ሐሙስን አትጠብቅም። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚመጣ ማመላለሻ ለታቀደ ነገር እንጂ ለድንገተኛ አይሆንም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ባተረፈ እላለሁ።

በበዓል ሰሞን ሌላ መልክ ነበረው። ጥር 7 ለናርጋ ሥላሴ፣ የካቲት 16 ለዑራ ኪዳነ ምሕረት ሐይቁ በሰው ይሞላል። ነጭ ለብሶ፣ ጧፍና ዕጣን ይዞ፣ እየዘመረ የሚሄደው ምእመን ያገኘውን ጀልባ ሁሉ ይይዛል። በእነዚያ ቀናት ስለ ሰሌዳ የሚጠይቅ የለም፤ ጀልባው እንደተገኘ ነው የሚነሳው። ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ስላሉ፣ ለምሳሌ ክብራን ገብርኤል፣ ቤተሰብ ለሁለት ተከፍሎ ወንዶቹ ወደዚያ፣ ሴቶቹ ወደ እንጦስ ገዳም ሲሄዱም ይታያል።

29 ሳንቲ ሜትር

አሁን ወደዚያች የጥልቀት ቁጥር እንመለስ። ጣና ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ፣ ዳርቻውም ዝርግ ስለሆነ፣ ውኃው በጥቂቱ ሲወርድ ዳሩ ብዙ ይሸሻል። በተፈጥሮው ሐይቁ ክረምት ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ይሞላል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል። በዓመት ውስጥ ያለው ልዩነት ከ1 ሜትር ተኩል ትንሽ ቢበልጥ ነው። መርከበኛውም ሕዝቡም ይህን ያውቀዋል።

በ1988 ዓ.ም. ግን ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ። ዓላማው ወደ ጢስ ዓባይ የሚወርደውን ውኃ በበጋም በክረምትም ማስተካከል ነበር። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሲጨመር የውኃ ፍላጎቱም ጨመረ። ከዚያ የ1994 እና የ1995 ዓ.ም. ድርቅ መጣ። ዝናቡ አነሰ፣ አገሩ ኤሌክትሪክ ፈለገ፣ ውኃው በግድቡ በር መውጣቱን ቀጠለ።

መርከብ በጣና ላይ በደኅና ለመሄድ የውኃው ወለል ቢያንስ ከባሕር ጠለል በላይ 1,784.75 ሜትር ላይ መሆን አለበት። በሰኔ 1995 ዓ.ም. 1,784.46 ሜትር ደረሰ። እስከዚያ ድረስ ተለክቶ የማያውቅ ዝቅታ ነው። ልዩነቷ 29 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናት፣ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማትበልጥ፤ ግን መርከቦቹን ለማስቆም በቃች። ውኃው የሸሸበትን መሬት ገበሬው አርሶ ዘራበት። ሰው የሚጠብቅበት ዳርቻና መርከብ የሚቆምበት ውኃ ተራራቁ። የደሴት ሰው በዚያ ወቅት ወደ ታንኳው ተመለሰ።

ይህን ስጽፍ ኤሌክትሪክ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ስለ ሐይቁ ውኃ ሲወሰን መብራቱና መስኖው በቁጥር ይቀርባሉ፤ የቁንዝላው መንገደኛ ግን በየትኛው ቁጥር ውስጥ እንደሚገባ የሚጠይቅ ያንሳል። በግንቦት 2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመረቀ። ውኃውን ከሐይቁ የሚወስደው ቁንዝላ አጠገብ ነው፤ ከዚያ 12 ኪሎ ሜትር ግድም በሆነ ዋሻ ወደ በለስ ይወርዳል። የመርከቡ ማደሪያ የነበረችው ያቺ ትንሽ ከተማ የአገሪቱ ትልቅ የኃይል ምንጭ መነሻ ሆነች።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መጣ። አረሙ የበረታው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው፤ ጎርጎራም ያለችው በዚያው በደምቢያ ነው። ሥሩና ግንዱ የሞተሩን መዘውር ይይዛል፣ ዳርቻውን ያጥራል፣ ዓሣ አስጋሪውን ከሥራ ያወጣል። ሕዝቡ በዘመቻ ወጥቶ በእጁ ነቅሏል፣ ማሽንም ገብቷል፤ አረሙ ግን ተመልሶ ይበቅላል።

መንገዱ

የመርከቡን ሚና የቀነሰው ውኃው ብቻ አይደለም። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትሩ አስፋልት ከሆነ በኋላ በሦስት ሰዓት ይደረሳል። ጫፍ ለጫፍ የሚጓዝ ሰው መርከብ የሚይዝበት ምክንያት አጣ። በምዕራቡም በኩል ከዱርቤቴ ወደ ቁንዝላ መኪና መግባት ሲጀምር ቢያንስ በበጋ ሌላ መውጫ ተገኘ።

መኪናው ግን ሰሌዳ የለውም። መናኸሪያ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሚኒባሱም ቅጥቅጡም የሚነሳው ሲሞላ ነው። "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ረዳቱ ይጮሃል፣ ያ አንድ ሰው አራት ሆኖ ይገባል፣ መኪናው ግን አሁንም አልተነሳም። በቁርጥ ሰዓት የሚነሱት የረጅም መንገድ አውቶቡሶች ናቸው። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሌሊቱ ሲነጋጋ ይወጣል። ድሮ ባሕር ዳርን ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን መድረስ አይታሰብም ነበር፤ 300 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ ደብረ ማርቆስ ይታደራል። ደጀንና ጎሃ ጽዮን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ 40 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ነው፣ ቁልቁልና ዳገቱ ግማሽ ቀን የሚበላበት ጊዜ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጃፓን እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ተከፍቶ መሻገሩ ቀለለ፤ ጠመዝማዛው ግን እዚያው አለ። ባሕር ዳር ላይም በግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመርቋል።

ባቡሩስ? የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ባወጣው አገር አቀፍ ዕቅድ ውስጥ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በባሕር ዳርና በወረታ ወደ ወልድያ የሚሄድ መስመር ነበር። ካርታው ላይ አለ። መሬት ላይ እስካሁን አንድም ሐዲድ አልተነጠፈም።

ጣናነሽ ሁለት

በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ሁለት የተባለችው አዲስ መርከብ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ባሕር ዳር ገባች። 38 ሜትር ትረዝማለች፣ ክብደቷ 150 ቶን ነው፣ 188 ሰው ትይዛለች። በየከተማው ሕዝቡ ወጥቶ እያየ፣ እየጨፈረ፣ ጠባብ መንገድ እየተከፈተላት ወራት የፈጀ ጉዞ ነበር። በረሃውንና ተራራውን አቋርጣ ስትመጣ የተከታተለ ሰው ደስታውን አይረሳውም፤ እኔም ደስ ብሎኛል።

ጎርጎራ ላይ በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት በ2016 ዓ.ም. ስለተመረቀ አዲሷ መርከብ ከጎብኚ ጋር ተያይዛ መነሳቷ አይገርምም። ጎብኚ ይምጣ፣ ገንዘቡም ለአገር ይግባ። እኔ የምለው ግን ይህን ነው፦ መርከቧ ቋሚ የሕዝብ ቀን ይኑራት። ያ ቀን በኪራይ ወይም በእንግዳ ምክንያት የማይሰረዝ ይሁን። ቁንዝላና ደልጊ በሰሌዳው ላይ በስማቸው ይግቡ፤ ባሕር ዳርና ጎርጎራ ብቻ ከሆነ መሀል ያለው ሕዝብ መርከብ ሲያልፍ ቆሞ ተመልካች ይሆናል። የድሮው ሰሌዳ ከቅዳሜ ገበያ ጋር የተገጠመ ስለነበረ ያንን ማፍረስ ኪሳራ ነው፣ ሌላ ቀን ማከል ግን ይቻላል፤ በተለይ ሕመምተኛና ነፍሰ ጡር ሰኞ ወይም ማክሰኞ ባሕር ዳር የሚገቡበት አንድ ተጨማሪ ጉዞ ቢኖር።

ዋጋውም እንደዚሁ። ጎብኚ ጀልባ ተከራይቶ የሚከፍለውን ዳጉሳ ሻጭ ልትከፍለው አትችልም፤ የሕዝቡ ቲኬት ለብቻው መታሰብ አለበት። ግንቦትና ሰኔም ለብቻቸው ይታቀዱ። ትልቅ መርከብ ትንሽ ውኃ ላይ አይሆንላትምና ለእነዚያ ወራት ትንንሾቹ ጀልባዎች በተጠባባቂነት ይያዙ፣ የውኃው ከፍታ በየሳምንቱ ወደቡ ላይ ይለጠፍ፣ 1,784.75 ሲቃረብ ደግሞ ጉዞው ከመሰረዙ በፊት ለደሴቶቹና ለቁንዝላ ሰው ቀድሞ ይነገር።